ሦስተኛዋ ኮቴ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ
አንኮበር

መሪጌታ፣ እንደምን ከረሙ? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ እዚህ ጠዋት ጠዋት የባልዲውን በረዶ እየሰበርን ነው የምንታጠበው፤ እናንተ ዘንድም ከዚህ አይሻልም ብዬ እገምታለሁ።

ደብዳቤዎ በሹፌሩ በኃይለ ገብርኤል እጅ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተናደድኩ፣ በሁለተኛው አፈርኩ። «ልጄን አደባባይ አውጥተህ ሰው የምታስደበድበው አንተ ማነህ?» ላሉኝ መልስ ይገባዎታልና ከራሴ ልጀምር። ካሳሁን ተሰማ እባላለሁ፤ የአረርቲ ልጅ ነኝ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ዐሥራ አንድ ዓመት ቦክስ ተጫውቻለሁ፤ አሁን እዚህ ከተማ አንድ ትንሽ ክለብ አሠለጥናለሁ። ስልክ ያልደወልኩት ንቄዎት አይደለም፤ ጆሮዬ አይሰማም። ግራው ጭራሹን፣ ቀኙ ሰው ከጮኸልኝ ትንሽ። ከቦክስ የተረፈህ እሱ ነው ወይ ብለው ይሳቁብኝ፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ስለዚህ እጽፋለሁ።

አዎ፣ ቃለ አብ ቦክሰኛ ነው። ሦስት ዓመቱ። ፋብሪካ እሠራለሁ ያለዎት ውሸት አይደለም፤ ከፋብሪካው ሲወጣ ወደ እኔ እንደሚመጣ መደበቁ ነው ጥፋቱ። እኔም አንድ ቀን «አባትህ ያውቃሉ?» ብዬው «ያውቃሉ» ሲለኝ፣ ማመን ስለፈለግሁ አመንኩት። ይቅር ይበሉኝ።

«ጠብ ነው ወይስ ጨዋታ?» ብለዋል። ጠብ ቢሆን ኖሮ ልጅዎ አይሆንለትም ነበር፤ ሰው ሲናደድበት እንኳ የሚያፍር ልጅ ነው። ቦክሰኛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው የሚያውቀው። አንዱ ከሩቅ እየነካ ይሸሻል፤ ሌላው ደረት ለደረት ገጥሞ ይወቅጣል፤ ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ቆሞ የባላጋራውን ስሕተት ይጠብቃል። ቃለ አብ ሦስቱንም ያውቃል። ግጥሚያው ሦስት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ይቆማል። ግራ እጁን ዘርግቶ ርቀቱን ይለካል፣ ተመልካቹ «ይሄ ልጅ ተኝቷል እንዴ?» እስኪል ድረስ። በሁለተኛው ዙር መወዛወዝ ይጀምራል፤ ባላጋራው ሲመታ እሱ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። በሦስተኛው ዙር ግን እጁን መቁጠር አይቻልም።

ዘንድሮ ደግሞ አዲስ ነገር ጨመረ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ቦክሰኛ ግራ እግሩንና ግራ ትከሻውን አስቀድሞ ነው የሚቆመው። ቃለ አብ በዙሩ መካከል ድንገት ይለውጠውና ቀኙን ያስቀድማል። ባላጋራው የለመደው ሰው ጠፍቶ ሌላ ሰው ይቆምበታል። እኔ አላስተማርኩትም። ከአዲስ አበባ የመጡ አሰልጣኞች «ይህን እንዴት አስተማርከው?» ሲሉኝ ሳቅ ብዬ ዝም አልኩ። እሱም ሌላው ኃጢአቴ ነው።

ሻምፒዮናው የካቲት 15 አዲስ አበባ ይጀመራል። እዚያ ካሸነፈ ብሔራዊ ቡድን ይመረጣል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለእኛ ክለብ መጥቶ አያውቅም። እርስዎ ሳይመርቁት ግን ልቡ አያርፍም። በፖስታው ውስጥ ያለችው ትንሽ ካርድ ስልክ ውስጥ ስትገባ ሁለት ግጥሚያዎቹን ታሳያለች፤ አንዱ የጥቅምት፣ አንዱ የታኅሣሥ ነው። አይተው ይፍረዱ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፦ ያንን መጠበቅ ልጁ ከየት አመጣው?

አክባሪዎ
ካሳሁን ተሰማ

———

አንኮበር፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ካሳሁን ተሰማ
ደብረ ብርሃን

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ አይደለም። እጄ መስመር እየሳተ ስላስቸገረኝ እኔ እናገራለሁ፣ የእኅቴ ልጅ ሠናይት ትጽፋለች። መምህርት ናት፤ የሰው ቁጣ ማለዘብ ትወዳለች። የእኔን እንዳታለዝብ አዝዣታለሁ።

መርቁት ይሉኛል። ምን ብዬ? «ሂድና የሰው ጥርስ አርግፍ» ብዬ? ልጄ ዲያቆን ነው። ዲያቆን ሰው ከመታ ከክህነቱ ይሻራል፤ ይህ የእኔ ጠባይ ሳይሆን ሥርዓት ነው። ሁለቱን ወንድሞቹን በልጅነታቸው ቀብሬ፣ እሱን ብቻ ለመቅደስ አሳድጌ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ዳዊት አስደግሜ፣ አሁን በጓንት አየሁት። እርስዎ ደግሞ «ማመን ስለፈለግሁ አመንኩ» ይሉኛል። ደግ ሰው ነዎት መሰል፤ ደግነትዎ ግን ልጄን ከእኔ ደብቆታል።

ይህን ካልኩ በኋላ ሌላውንም ልበል። ሠናይት ካርዷን ስልኳ ውስጥ አግብታ ፊቴ አስቀመጠችልኝ። ሰባት ጊዜ አስደገምኳት። ፉጨቱንና ጩኸቱን ጠላሁት። ከጩኸቱ ሥር ግን የእግር ኮቴ አለ። አርባ ዓመት አቋቋም ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪዬ ከጀርባዬ ቆሞ ቢሳሳት በኮቴው አውቀዋለሁ። ጠይቀውኛልና ይስሙ። ማኅሌት ሲቆም መጀመሪያ ቁም ነው፤ ዜማው ብቻውን ይባላል፣ ማንም አይነቃነቅም። ከዚያ ዝማሜው ይመጣል፤ መቋሚያውን ይዘን ወዲህና ወዲያ እንላለን። ቀጥሎ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባል። መጨረሻ ጽፋት ነው፣ በጭብጨባ የሚጦፈው፤ ያን ጊዜ ሽማግሌውም ዕድሜውን ይረሳል። እርስዎ ሦስት ዙር ያሉት ይኸው ነው። ልጄ መጠበቁን ከየትም አላመጣም፤ ከእኔ ነው ይዞት የሄደው። በዚህ ተናደድኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። ሠናይት ሁለቱንም እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። በጥቅምቱ ግጥሚያ ኮቴው ጥርት ያለ ነው፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። በታኅሣሡ ግን አንዳንድ ጊዜ አንዲት ሦስተኛ ኮቴ ትሰማለች። ትንሽ ናት። ጨለማ ቤት የገባ ሰው ደፉን በእግሩ ሲፈልግ እንደሚያሰማት ዓይነት። ሠናይት አልሰማኋትም አለች፤ እኔ ግን ሰባቱንም ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ አገኘኋት። ልጄ እንዲህ አይረግጥም ነበር። እግሩን ታሟል? ወይስ ራሱን ተመትቷል? ስለ ምርቃቱ ከዚህ በኋላ እንነጋገራለን። አይደብቁኝ።

መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ

———

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

መሪጌታ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? መምህርት ሠናይትስ? ቁጣዎን ሳታለዝብ ስላደረሰችልኝ አመሰግናታለሁ፤ የሚገባኝ ነው።

እግሩ ደኅና ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከመናኸሪያው እስከ ጠባሴ ሮጦ ሲመለስ ላብ እንጂ ሌላ አላየሁበትም። ነገር ግን ደብዳቤዎ እንቅልፍ ነሣኝ። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ግጥሚያውን እንደገና አየሁት። እኔ አልሰማም፤ ስለዚህ ከወገቡ በላይ ያለውን በእጄ ጋርጄ እግሩን ብቻ ተመለከትኩ። እውነትዎን ነው፤ አለች።

ያገኘሁትን ልንገርዎት። ባላጋራው ፊት ለፊቱ እስካለ፣ ወይም በቀኙ እስከዞረ ድረስ ያቺ እርምጃ የለችም። በግራው መዞር ሲጀምር ግን ቃለ አብ መጀመሪያ ራሱን ያዞራል፤ ከዚያ ግራ እግሩን ግማሽ ስንዝር ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ያቺ ናት እርስዎ የሰሟት። ወዲያው አቋሙን ይለውጥና ቀኙን ያስቀድማል። በሦስቱ ዙር ዐሥራ አራት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አራቱም በግራው ሲዞሩበት ነው።

እኔ ወጥመድ ነው እላለሁ። ወደ ኋላ ያለ መስሎ ይስበዋል፣ ሰውየው ሲገባለት ባልጠበቀው ወገን ይቀበለዋል። እንዲያውም ክለቡ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ እሱን አይተው መለዋወጥ ጀምረዋል፤ ያቺን ትንሽ እርምጃ ሳይቀር ይኮርጇታል። እርግጥ ነው፣ በዚያ ወገን አራት ቡጢ በልቷል፤ የዘገዩ ቡጢዎች ናቸው፣ ማየት ነበረበት። «ምነው?» ስለው «ልስበው ብዬ ነው» አለኝ።

ራሱን ተመትቷል ወይ ላሉት አልዋሽዎትም። ኅዳር ውስጥ ልምምድ ላይ ግራ ዓይኑን አንድ ቡጢ አግኝቶት ሳምንት ያህል አብጦ ነበር። ድኗል። ለዚህም ማስረጃ አለኝ። በታኅሣሥ የጤና ምርመራ አድርገናል። ሹካ የመሰለች ፊደል ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እየዞረች የተሣለችበት ሰሌዳ አለ። ተመርማሪው አንድ ዓይኑን ይከድንና ሹካዋ ወዴት እንደዞረች በእጁ ያሳያል። ቃለ አብ በሁለቱም ዓይኑ አንዲት ሳይስት ጨረሰ። ሐኪሙ በዘንጉ ሳይጠቁሙ ቀድሟቸው ስለነበር ሳቁ። እንዲያውም ከሁሉም ልጆች መጨረሻ ነው የገባው፤ ወረፋውን ለሁሉም እየለቀቀ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ትሑት ልጅ አሳድገዋል።

ለሻምፒዮናው ደግሞ የካቲት 13 እንደገና ይመረመራል። ስለዚህ አይጨነቁ። ምርቃቱን ግን አሁንም እጠብቃለሁ።

ካሳሁን

———

አንኮበር፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ካሳሁን፣

አንተ ብልህ ቅር አይበልህ። ይህ ደብዳቤ እርስዎ እያልኩ ልጽፈው የምችል አይደለም።

ልጄ ትሑት አይደለም። ትሑት ቢሆን ደስ ባለኝ። መጨረሻ የቆመው ሰሌዳውን ሊያጠና ነው። በአብነት ትምህርት ቤት እንዴት እንደምንማር ታውቃለህ? መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል። ትልቁ ተማሪ ከመምህሩ እየተቀበለ ሲቀጽል ትንሹ ከዳር ቆሞ በጆሮው ይለቅማል። ተራው ሲደርስ መጽሐፍ አያይም፤ ያለው በልቡ ነው። ቃለ አብ እንዲህ ሆኖ መቶ ኀምሳውን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር የወጣ ልጅ ነው። ከፊቱ የገቡት ልጆች እጃቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያደርጉ በሩ ላይ ቆሞ ካየ፣ ያቺ ሹካ ለእሱ ምኑ ናት? «ሐኪሙን ቀደመው» ስትለኝ ነው ልቤ የወደቀው። የሚያነብ ሰው ዘንግ ይጠብቃል። የሚቀድመው በቃሉ የያዘ ብቻ ነው።

ይህን እንዴት አወቁ ትለኛለህ። ሠናይት፣ ጻፊው።

ዓይኔን ሞራ ከሸፈነው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሰው ጥላ ሆኖ ነው የሚታየኝ። ስልኩ ላይ ልጄን አላየሁትም፤ ኮቴውን ነው የሰማሁት። በየቀኑ ሠናይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የነገውን ስንክሳር ታነብልኛለች፣ እኔ እቀበላለሁ። ጠዋት ደብራችን ውስጥ መጽሐፉን ዘርግቼ፣ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ፣ በየቦታው ገጹን እየገለጥኩ በቃሌ እወጣዋለሁ። ሕዝቡ የማነብ ይመስለዋል። መሪጌታ ዓይኑ ጠፋ ከተባለ ወንበሬን ለሌላ ይሰጡብኛል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጥር 21 ለአስተርእዮ ማርያም ቃለ አብ መጥቶ ነበር። ያን ዕለት መጽሐፉን ገልብጬ ኖሯል የዘረጋሁት። ቃለ አብ ከቆመበት መጣ፣ መጽሐፉን ከእጄ አነሣ፣ አዙሮ መልሶ አስቀመጠልኝ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቃል አልተናገረም። ከቅዳሴ በኋላም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

በዚያው ዕለት፣ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ማኅሌቱ ላይ አንድ ዲያቆን በግራው በኩል ጸናጽል ሲያቀብለው አልተቀበለውም። ጸናጽሉ ድንጋዩ ላይ ወድቆ ጮኸ። እኔም በካህናቱ ሁሉ ፊት «ጠጥተህ ነው የመጣኸው?» አልኩት። እሱ የእኔን ገመና ሸፈነልኝ፤ እኔ የእሱን አደባባይ አወጣሁት። ይህ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም ነበር፤ ደብዳቤህ ሲመጣ ደግሞ ትርጉሙን አገኘሁት።

አሁን የምልህን አድርግ። በምርመራው ቀን ሰሌዳውን አስገልብጠው። የሚያይ ከሆነ ተገልብጧል ይላል። ካላየ ግን እንደያዘው ይወጣዋል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ስትመልስልኝ አትዋሸኝ። አርባ ዓመት እግር ሳዳምጥ የኖርኩት እኔ በስልክ ድምፅ ብቻ የሰማሁትን፣ አንተ በየቀኑ ፊት ለፊቱ ቆመህ አላየህም ነበር?

ወረቀቱ የረጠበው በሠናይት እንባ ነው። እንደገና ልጻፈው ስትል ከለከልኳት፤ ኃይለ ገብርኤል ሊነሣ ነው።

ገብረመንፈስቅዱስ

———

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

መንገዱ ተዘግቶ ስለሰነበተ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት፣ በምርመራው ቀን ጠዋት ነው። ለሹፌሩ አመሰግናለሁ እንኳ ሳልለው ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። አምስቱ ልጆች ተመርምረው ወጥተዋል። ቃለ አብ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆሟል።

ለሐኪሙ የእርስዎን ወረቀት አሳየኋቸው። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። «አስገባው» አሉኝ። መጀመሪያ በቀኝ ዓይኑ አሳየ፤ ሁሉም ልክ ነበር። ከዚያ ቀኙን በካርቶን ከከደኑለት በኋላ ሰሌዳውን ከምስማሩ አንሥቼ ገልብጬ ሰቀልኩት። ድምፅ ያሰማ አያሰማ ስለማላውቅ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ፊቱን እያየሁ ነው የገለበጥኩት፤ ልጅዎ በግራ ዓይኑ ወደ እኔ እያየ አላየኝም።

ሐኪሙ ዘንጉን አነሡ። ቃለ አብ ጀመረ። እጁ ወደ ላይ። ወደ ቀኝ። ወደ ታች። ወደ ታች። ወደ ግራ። አንዴም አላመነታም። አንዱም ልክ አልነበረም። እንዲያ ባለ እርግጠኝነት ሰው ሲሳሳት አይቼ አላውቅም። ሐኪሙ ዘንጉን ካወረዱ በኋላም እጁ ብቻውን እስከ መጨረሻው መስመር ሄደ።

ካርቶኑን ሲያነሣ ሰሌዳውን አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ከንፈሩን አነበብኩ፤ «አባቴ ናቸው» አለ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ «እሳቸውስ?» አለኝ። ወዲያው ጮኸ፤ ለእኔ ብሎ መጮኽ አያስፈልገውም ነበር፣ ግን ጮኸ። «እሳቸው መጽሐፋቸውን ሳያጥፉ እኔ ጓንቴን አላወልቅም!» ብሎ ወጣ። ከትናንት ጀምሮ የተከራየውን ክፍል ቆልፎ ተቀምጧል።

ሐኪሙ የነገሩኝን አልደብቅዎትም። በግራ ዓይኑ ውስጥ፣ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ከቦታው ተላቅቋል። አዲስ አበባ ሄዶ እስከ ሰኞ ድረስ ካልታየ ያለችውም ብርሃን ትጠፋለች። ከሻምፒዮናው አስወጥቼዋለሁ፤ ለፌዴሬሽኑ ዛሬ ጠዋት ወረቀት ልኬያለሁ። ይህ ግን ቡጢውን ያስቀራል እንጂ ዓይኑን አያድንም። ሐኪም ቤት የሚሄደው በገዛ እግሩ ነው፤ ተሸክሜ አልወስደው።

አሁን ጥያቄዎ። አየሁ፣ አባቴ። ታኅሣሥ ውስጥ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን አፈሰሰ፤ ሳቅን። በግራው በኩል ቀርቤ ትከሻውን ስነካው ደነገጠ፤ ከዚያ ጀምሮ ማንንም በግራው አያስቆምም፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንኳ ሁልጊዜ የግራውን ጫፍ ነው የሚይዘው። ይህን ሁሉ አየሁና ስም አወጣሁለት፤ ስልት አልኩት። ዐሥራ አራቴ የቆጠርኩትን ዐሥራ አራቴም ወጥመድ አልኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ትልቅ ቦክሰኛ ከእጄ እንዲወጣ ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ሲመጣልኝ ዓይኑን መጠየቅ አልፈለግሁም። የእኔም አሰልጣኝ ጆሮዬ እየሄደ መሆኑን ያውቅ ነበር። ያኔ ረግሜዋለሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ኃይለ ገብርኤል ይህን ይዞ አሁኑኑ ይወጣል። ምን ላድርግ? ለእኔ በሩን አይከፍትም።

ካሳሁን

———

አንኮበር፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ካሳሁን፣

ደብዳቤህ ደረሰ። ሠናይት አስተማሪዎች ስብሰባ ላይ ስለነበረች ያነበበልኝ ሹፌሩ ነው። ኃይለ ገብርኤል ንባብ ላይ ይንተባተባል፤ ልጄ እጁን ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ የሚያደርግበት ቦታ ሲደርስ ጨርሶ አቃተው። እኔም አላስጨረስኩትም፤ ገብቶኛል።

ከነገ ወዲያ ኪዳነ ምሕረት ናት። ካህናቱ የበዓሉን ድርሻ ሊከፋፈሉ ደጀ ሰላም ተሰብስበው ነበር። በዓመቱ የምወዳት ቀን ናት፤ አርባ ዓመት እኔ ነኝ የመራሁት። ኃይለ ገብርኤልን ክንዱን ይዤ ሄድኩ። ስንክሳሩን አምጡልኝ አልኩ። ዘረጋሁና «ይህ መጽሐፍ ቀጥ ብሎ ነው ወይስ ተገልብጦ?» ብዬ ጠየቅሁ። «እኔ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ አላውቅም። ያነበብኩላችሁ መስሏችሁ የሰማችሁት ሁሉ በቃሌ ነው» አልኩና አጠፍኩት።

እንዲጮኹብኝ ተዘጋጅቼ ነበር። አለቃ ዘሥላሴ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው «መሪጌታ፣ እኛማ እናውቃለን። ገጹን የሚገልጡት ከንባቡ ቀድመው ነው። እንዳይከፋዎ ብለን ነው» አሉኝ። ሁሉም ያውቁ ነበር፣ ካሳሁን። አከበርነው ብለው ዝም አሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ ቤት በር ላይ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ከዚያ አንተ ስልት ብለህ ስም ያወጣህለትን ነገር አሰብኩና በማን ላይ እቆጣለሁ አልኩ። እኔስ ልጄ መጽሐፌን ሲያዞርልኝ እጁን ይዤ «እንዴት አወቅህ፣ አንተስ ምን ሆነሃል?» ብለው ምን ነበረበት?

መጽሐፉን ለዲያቆን ዘርአ ዳዊት ሰጠሁት። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ያነባል ግን።

ኃይለ ገብርኤል አሁን ይመለሳል፤ ይህን ደብዳቤ ሲሰጥህ በቃለ አብ በር ሥር አስገባለት፤ ሠናይት ደርሳልኛለች፣ ፊደሉ የእሷ ስለሆነ ያምነዋል። እኔ ነገ በመጀመሪያው መኪና እወርዳለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ጠብቀኝ። አንተ አትሰማ፣ እኔ አላይ፤ ብንተላለፍ ሰው ይስቅብናል። መቋሚያዬን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ።

ቃለ አብ፣ ይህን የምታነበው አንተ ከሆንክ፦ መጽሐፉን አጥፌዋለሁ። ስለ ጸናጽሉ ይቅር በለኝ።

አባትህ

———

አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመምህርት ሠናይት
አንኮበር

እኅቴ ሠናይት፣ ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ይህን ሁሉ ጊዜ እጅሽን እንጂ አንቺን አላውቅሽም፤ አሁን ግን የምጽፈው ላንቺ ነው። መሪጌታ «ለሠናይት ሁሉንም ጻፍላት፣ እንዳታለዝብ» ብለው አዘውኛል።

ቅዳሜ መናኸሪያ ላይ አልተላለፍንም። ከበሩ ስደርስ ግን ቃለ አብ ከእኔ ቀድሞ እዚያ ቆሟል። በበሩ ሥር ያስገባሁለትን ፖስታ በጃኬቱ ደረት ይዞታል። መሪጌታ ከመኪናው ሲወርዱ ክንዳቸውን ያዘ። ሁለቱም ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም።

በዚያው ቀን አዲስ አበባ ገባን። ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ቃለ አብን ስትጠራ መሪጌታ «እኔ እቀድማለሁ» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ያው ሰሌዳ ነው። እጃቸውን አላነሡም። «ይህን አላጠናሁትም። አይታየኝም» አሉ። እንዲህ ብለው የተናገሩት ጮክ ብለው መሆን አለበት፤ እኔ እንኳ ሰማሁ። ከዚያ ተነሥተው ወንበሩን ለልጃቸው ለቀቁ። ቃለ አብ ቀኝ ዓይኑን ከደነ። እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ሐኪሟ ዘንጉን አነሣች፣ ጠበቀች፣ ወደ ትልቁ ፊደል ወሰደችው። እጁ ከጉልበቱ አልተነሣም። ከንፈሩን አነበብኩ፤ «እኔም» አለ።

ማክሰኞ ቀዶ ሕክምናው ተሠራለት። ዘግይቷል። ብርሃንና ጥላ ይለይበታል፣ ምናልባት ሰውን በቁመቱ ያውቅበታል፤ ከዚያ በላይ ሐኪሟ ተስፋ አትሰጥም። ቦክስ አብቅቷል። ይህን ሲነግሩት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አመሸ። መሪጌታ አልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ ስለ ዲቁናውም አንድ ቃል አላነሡም። የእሳቸው ሞራ በግማሽ ቀን የሚነሣ ነው ተባለ። ሐኪሟ «ሦስት ዓመት ምን ጠበቁ?» ስትላቸው ጥምጣማቸውን አስተካክለው «ወንበር» አሉ። ቀጠሯቸው መጋቢት መጨረሻ ነው።

እኔ ነገ እመለሳለሁ። ክለቡ ውስጥ የሚጠብቀኝ ሥራ ያቺን ሦስተኛ እርምጃ ከልጆቹ እግር ማውጣት ነው። ጥሩ አድርገው ለምደዋታል። ከየት እንደመጣች መንገር ሊኖርብኝ ነው።

ዛሬ ጠዋት አባትና ልጅ በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ሲሄዱ ከኋላቸው ነበርኩ። የቃለ አብ ግራ ዓይን በፋሻ ተሸፍኗል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው በቀኙ በኩል ቀረቡ፤ ልጁ ግን ክንዳቸውን ይዞ በፊቱ አዞራቸውና በግራው አቆማቸው። ከዚያ እንደዚያ ሆነው ሄዱ።

ካሳሁን